ከ«ኤርታሌ» እስከ «ለራስህ ነው»፦ ጃኖ ባንድ በሁለተኛው አልበሙ ምን ያህል አደገ?

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ደነባ ላይ የሰማሁት አንድ አስተያየት ነው፡፡ ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ነው፡፡ የዘመድ ሠርግ ጠርቶኝ ከአዲስ አበባ ተነሳሁ፤ ደብረ ብርሃን አደርኩና በማግስቱ ወደ ምዕራብ ታጥፌ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ከተማ ወደሆነችው ደነባ ገባሁ፡፡ የሰሜን ሸዋን ደጋ በጥር የሚያውቅ አንባቢ ስለ ብርዱ እንድነግረው አይጠብቅም፡፡ ለማያውቅ ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ሰው ሁሉ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ጋቢውንና ባናውን ተከናንቦ ይቆማል ብል ይበቃል፡፡

እኛም እንደዚያው ቆመን ነበር፡፡ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የነበረው የወንድሜ ልጅ መኪናዬ ውስጥ ገብቶ ፍላሹን ሰካና የጃኖ ባንድን ሁለተኛ አልበም ከፈተ፤ በሩንም ክፍት ተወው፡፡ ጊታሩ ሲጮህ ድንኳን የሚተክሉት ሰዎች ዞር አሉ፡፡ የአባታችን ታናሽ ወንድም በወጣትነታቸው በየሠርጉ ቀረርቶ የሚያሰሙ፣ ስማቸው እስከ ጅሩ ድረስ የሚታወቅ ሰው ነበሩ፡፡ ዱላቸውን ተደግፈው ጥቂት አዳመጡና «ማነው ይኼ የሚፎክረው?» አሉኝ፡፡

«ባንድ ነው ጋሼ፤ የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው» አልኳቸው፡፡

እንደገና አዳመጡ፡፡ ጊታሩ ዝግ ብሎ ድምፅ ብቻውን ሲቀር ራሳቸውን ነቀነቁ፡፡ «እኛ ፉከራውን ስናበቃ ነበር የምንዘፍነው፤ እነዚህ እየፎከሩ ይዘፍናሉ እንዴ?» ብለው ወደ ድንኳኑ ሄዱ፡፡

ስለ ሮክ ሙዚቃ ብዙ የውጭ መጽሔት አንብቤአለሁ፡፡ «ሜሎዲክ አልተርኔቲቭ ሮክ» ለሚባለው ነገር ግን ከዚህ ያጠረና የጠራ ትርጉም አላጋጠመኝም፡፡ (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. የሚል ካልተጨመረበት በስተቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፡፡)

ስሙ ከገበያ የመጣ ሙዚቃ

«አልተርኔቲቭ» የሚለው ስያሜ ከሙዚቃው ይልቅ ከንግዱ የመጣ ነው፡፡ በ1980ዎቹ አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ ትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ፊት የነሷቸው፣ በዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ ጣቢያዎችና በትናንሽ አሳታሚዎች የሚኖሩ ባንዶች ነበሩ፡፡ የጆርጂያዎቹ አር.ኢ.ኤም. እና የቦስተኖቹ ፒክሲስ ከእነዚህ ይጠቀሳሉ፡፡ በተለይ ፒክሲስ ስንኙን ዝግ አድርጎ ዘፍኖ አዝማቹ ላይ በአንድ ጊዜ የመፈንዳትን ስልት አስለመዱ፡፡ ኒርቫና በ1991 «ኔቨርማይንድ» በተባለው አልበሙ ያንኑ ስልት ዓለም ሁሉ ቤት አስገባው፡፡ ከዚያ ወዲህ «አልተርኔቲቭ» አማራጭ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ዋናው ገበያ ሆነ፡፡

«ሜሎዲክ» የሚለው ቅጽል የሚጨመርበት ጩኸቱ ውስጥ ሊንጎራጎር የሚችል ዜማ ሲኖር ነው፡፡ ጊታሩን አጥፍተን ዘፈኑን በባዶ ድምፅ ብናወጣው ዘፈን ሆኖ ይቀራል ወይ? ፈተናው ይህ ነው፡፡ ብዙ ባንዶች በመጀመሪያ አልበማቸው ይህን ፈተና በድምፅ ብዛት ያልፉታል፤ ሁለተኛው ላይ ግን ይያዛሉ፡፡ የእንግሊዙ ሬዲዮሄድ በ1993 በወጣው የመጀመሪያ አልበሙ በአንድ ዘፈን ብቻ የታወቀ ባንድ ነበር፡፡ በ1995 «ዘ ቤንድስ» ሲወጣ ሦስት ጊታሪስቶች በአንድ ጊዜ ከመጮህ ይልቅ አንዱ ለሌላው ቦታ መልቀቅን እንደተማሩ ተሰማ፡፡ የባንድ ዕድገት ስል ይህን ማለቴ ነው፡፡

ጃኖ የለበሰ ሮክ

ጃኖ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ሸማ ነው፤ በቀድሞው ዘመን የቤተ መንግሥት ሰዎችና የመኳንንት ልብስ ነበር፡፡ ጥቁር ቆዳ ጃኬት የሙዚቃው የደንብ ልብስ በሆነበት ዓለም አንድ የሮክ ባንድ ይህን ስም መምረጡ ራሱ መግለጫ ነበር፡፡

የመጀመሪያው አልበም «ኤርታሌ» በ2012 ወጣ፡፡ ስሙን የወሰደው አፋር ውስጥ ካለው፣ ቀልጦ የሚፈላ ዓለት በጉያው ከያዘው እሳተ ገሞራ ነው፡፡ ከባንዱ ጀርባ አዲስ ገሠሠ ነበሩ፡፡ ፕሮዲውሰሩ ደግሞ አሜሪካዊው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው፡፡ ላስዌልን የእኛ አድማጭ የሚያውቀው የእጅጋየሁ ሽባባውን (ጂጂን) የ2001 አልበም በማዘጋጀቱ ነው፤ በዚያ አልበም እነ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር ተጫውተውበታል፡፡ የሮክ አድማጭ ግን በሌላም ያውቀዋል፡፡ በ1986 የሞተርሄድን «ኦርጋስማትሮን» ያዘጋጀው እሱ ነው፡፡ ስለዚህ የእኛን ቅኝትም የእነሱንም ጩኸት የሚያውቅ ሰው እጅ ላይ ነበር የወደቁት፡፡

አልበሙ ላይ አራት ድምፃውያን ነበሩ፤ ኃይሉ አመርጋ፣ ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ሄዋን ገብረወልድ እና ሃሌሉያ ተክለጻድቅ፡፡ ጊታሩን ሚካኤል ኃይሉ፣ ቤዙን ዳንኤል ነጋሽ ይዘው ነበር፡፡

አራት ድምፃዊ ላለው ባንድ አዲስ አበባ አዲስ አልነበረችም፤ ነገር ግን ባንዱ ራሱ የአልበሙ ባለቤት መሆኑ ያልተለመደ ነበር፡፡ በእኛ አገር ካሴቱ ላይ የሚታተመው የድምፃዊው ፎቶ ነው፤ ባንዱ አጃቢ ነው፡፡ ማህሙድ አህመድ በ1975 «ኧረ መላ መላ»ን ሲያወጣ ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነበር፤ በኋላ ሮሃ ሆነ፡፡ ሰላም ሥዩም ወልደማርያም በእነዚህ ባንዶች ውስጥ የተጫወተውን ጊታር ዛሬ የሚሰማ ወጣት «ይህማ ሮክ ነው» ቢል አይሳሳትም፤ በዘመኑ ግን ዘፈኑን በእሱ ስም የጠራው ሰው የለም፡፡ ዋልያስ ባንድ በ1977 «ቸበለው» የተባለውን የመሣሪያ ሙዚቃ አልበም አውጥቷል፤ እንዲህ ዓይነቱ ግን በጣት የሚቆጠር ነው፡፡

እውነቱን ለመናገር «ኤርታሌ» ሲወጣ ከተጠራጣሪዎቹ አንዱ ነበርኩ፡፡ ጉልበቱን ወድጄዋለሁ፤ ድፍረቱንም አደንቃለሁ፡፡ ግን በእኔ ጆሮ አልበሙ ገና ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ «ሮክ መጫወት እንችላለን» የሚለውን ለማስረዳት ይታገላል፡፡ ጊታሩ ይገባል፣ ከበሮው ይገባል፣ አራቱም ድምፆች ይገባሉ፤ የሚወጣ ግን የለም፡፡ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ እየተናገረ ያለበት የዕድር ስብሰባ ላይ የተቀመጥኩ ያህል የተሰማኝ ጊዜ ነበር፡፡

የይፋቱ ሰው ቀድሞ ነበር

አጎቴ ደነባ ላይ «ፉከራ» ያሉት በዘፈቀደ አይደለም፡፡ የኤሌክትሪክ ጊታር ጩኸትና የእኛ ሽለላ ዘመድ መሆናቸውን ከጃኖ በፊት ያሳየ ሰው አለ፤ እሱም ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ የወጣ ነው፡፡

ጌታቸው መኩሪያ በ1935 ይፋት ውስጥ ተወለደ፡፡ በክራርና በማሲንቆ ጀምሮ ወደ ሳክስፎን ተሻገረ፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ አገለገለ፡፡ ትልቁ ሥራው ሽለላንና ፉከራን ከአንደበት ወስዶ ለሳክስፎን መስጠቱ ነው፡፡ መድረክ ላይ ጎፈር ደፍቶ ሲሸልል የሳክስፎኑ ድምፅ ይሰነጠቃል፣ ይርዳል፣ ያጓራል፡፡ ፈረንጆቹ ይህን የሰሙ ጊዜ የራሳቸው «ፍሪ ጃዝ» መሰላቸው፤ እሱ ግን የአባቶቹን ፉከራ ነበር የሚጫወተው፡፡

በ2006 ዘ ኤክስ ከተባለው የኔዘርላንድ ፐንክ ባንድ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም አወጣ፡፡ ሰባ ዓመት ከሞላው ሽማግሌ ጎን ቆመው ጊታራቸውን የሚያስጮሁት አውሮፓውያን ሽለላውን ለማለስለስ አልሞከሩም፤ ሸካራውን ከሸካራ ጋር አገናኙት፡፡ ጌታቸው በ2016 አረፈ፡፡ ስለ ኢትዮጵያ ሮክ በሚወራበት ቦታ ሁሉ ስሙ መጀመሪያ አለመነሳቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል፡፡

ጃኖ የመጀመሪያ አልበሙን ባወጣበት በዚያው በ2012 ሌሎችም በዚህ መንገድ ላይ ነበሩ፡፡ ለንደን ውስጥ ክራር ኮሌክቲቭ ክራሩን በኤሌክትሪክ አስጩኸው አልበም አወጡ፤ አስናቀ ገብረየስ ደግሞ ከሊዮኖቹ ፈረንሳውያን ከኡካንዳንዝ ጋር ነባር ዜማዎችን በከባድ ሮክ ዘፈነ፡፡ ልዩነቱ እነዚህ ሁሉ ለውጭ መድረክ የተሠሩ መሆናቸው ነው፡፡ ጃኖ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ በአማርኛ፣ እስክስታ ለለመደ አድማጭ ነው የሠራው፡፡ ይህ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ለምን እንደሚከብድ በጥቂቱ ላብራራ፡፡

ጊታርና ቅኝት የሚስማሙበትና የሚጣሉበት ቦታ

የሮክ ጊታር ተማሪ መጀመሪያ የሚለማመደው ባለ አምስት ኖታ ማይነር ስኬል ነው፡፡ ከዶ ብንነሳ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ይሆናል፡፡ ይህ የእኛው ባቲ ማይነር ነው፤ አንድም ኖታ አይለይም፡፡ የደብረ ብርሃን ልጅ ከኢንተርኔት የተማረውን የብሉዝ ጊታር ሲሞክር ጎረቤት «ባቲ እየተጫወተ ነው» ቢል ሁለቱም ትክክል ናቸው፡፡

ሁለተኛው መስማሚያ ኮርዱ ነው፡፡ ሮክ ውስጥ ጊታሩ በዲስቶርሽን ሲታጀብ ሙሉ ኮርድ ይጨማለቃል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ መነሻውን ኖታና አምስተኛውን ብቻ ይዞ ይመታል፡፡ «ፓወር ኮርድ» ይሉታል፡፡ መሀል ላይ የሚገባው ሦስተኛ ኖታ ስለሌለ ኮርዱ ደስታም ኀዘንም አይናገርም፤ ዜማው እንደፈለገ እንዲሄድ ይተወዋል፡፡ የእኛ ሙዚቃ ደግሞ በባህሪው በአንድ የዜማ መስመር የሚሄድ እንጂ በኮርድ የሚቆም አይደለም፡፡ ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም አምስተኛውን ኖታ በየቅኝታቸው ውስጥ ስለያዙ ከዚህ ባዶ ኮርድ በላይ ምቾት ያገኛሉ፡፡

ጠቡ አንቺ ሆዬ ላይ ነው፡፡ አንቺ ሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው፡፡ ሶሉ ዝቅ ብሏል፡፡ ጊታሩ በልማዱ ዶንና ሶልን አጣምሮ ሲያስጮህ፣ ዘፋኙ ደግሞ ሶል ፍላት ላይ ሲያርፍ ሁለቱ ይጋጫሉ፡፡ ግጭቱን የሚፈልገው ሰው ሊጠቀምበት ይችላል፤ የማያውቀው ግን ዘፋኙ የተሳሳተ ይመስለዋል፡፡

ሌላው ምቱ ነው፡፡ የሮክ መሠረት አራት ምት ነው፤ እኛ ትከሻችን የሚያውቀው ግን ቺክቺካውን፣ ስድስት ስምንተኛውን ነው፡፡ ከበሮ መቺው አራቱን ከመረጠ አዳራሹ ቆሞ ያያል፤ ስድስቱን ከመረጠ አዳራሹ እስክስታ ይወርድና ጊታሪስቱ የሠርግ አጃቢ ሆኖ ይቀራል፡፡ መካከለኛው መንገድ ስድስቱን ይዞ ስኔሩን በየአራተኛው ላይ ብቻ መምታት ነው፡፡ ያኔ ምቱ ይከብዳል፣ ትከሻም አይቀርም፡፡ ይህን ሚዛን መያዝ በአንድ አልበም የሚመጣ አይደለም፡፡

«ለራስህ ነው»

ሁለተኛው አልበም «ለራስህ ነው» በ2018፣ ማለትም ከስድስት ዓመት በኋላ ወጣ፡፡ ስድስት ዓመት ለአንድ ባንድ ረጅም ነው፡፡ የአዲስ አበባ አድማጭ በዚህ መሀል ሲዲ መግዛት ትቶ ወደ ዩቲዩብ ዞሯል፤ አገሪቱም ሌላ አገር ሆናለች ማለት ይቻላል፡፡

ርዕሱ ራሱ ልዩነቱን ይነግረናል፡፡ የመጀመሪያው በእሳተ ገሞራ ስም ተጠራ፤ ሁለተኛው ደግሞ ሰው ለሰው በሚናገረው፣ እናት ለልጇ ደጋግማ በምትለው ቃል፡፡ ይህ ለውጥ ሙዚቃው ውስጥም ይሰማኛል፡፡ ጊታሩ አልጠፋም፤ ግን ገብቶ መውጣትን ተምሯል፡፡ ድምፃውያኑ ከመሣሪያው ጋር ጉልበት ከመፈታተን ይልቅ ዜማውን ያስቀድማሉ፤ አዝማቹ ሲፈነዳም ቀድሞ ዝግ ያለ ነገር ስለነበረ ነው የሚፈነዳው፡፡ አጎቴ «እየፎከሩ ይዘፍናሉ እንዴ?» ያሉት ይህንኑ ነው፡፡ «ኤርታሌ»ን ቢሰሙ ኖሮ «ፉከራ ነው» ብለው ያልፉ ነበር ብዬ እገምታለሁ፡፡

ያጣሁትም አለ፡፡ የመጀመሪያው አልበም ላይ የነበረው ማን አለብኝነት፣ ያ ሸካራ ጠርዝ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ተላጭቷል፡፡ ለሬዲዮ የሚመች ዘፈን መሥራት ኃጢአት አይደለም፤ ነገር ግን አልበሙን ደጋግሜ ስሰማ «እዚህ ጋ ጊታሩ ለምን አልሄደም?» ያልኩባቸው ቦታዎች አሉ፡፡ ሁለቱን አልበሞች በተከታታይ የሚሰማ ሰው ሦስተኛው የት ላይ መቀመጥ እንደነበረበት በራሱ ሊገምት ይችላል፡፡

ስለ ባንዱ አባላት የግል ውሳኔ የምናገረው የለኝም፤ ድምፃውያኑ በየግላቸው ሲዘፍኑም ሰምተናል፡፡ ይልቅ ሒሳቡን ማየት ይበጃል፡፡ አንድ ድምፃዊ በኪቦርድና በፍላሽ ሠርግ ላይ ይዘፍናል፤ ክፍያው የራሱ ነው፡፡ ከግማሽ ደርዘን በላይ ሰው ያለው ባንድ ያንኑ ክፍያ ይካፈላል፡፡ ድራም ሴት፣ አምፕሊፋየርና የጊታር ፔዳል የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ የሆቴሎቻችን ድምፅ ማጉያ የተተከለው ለአንድ ማይክሮፎንና ለአንድ ኪቦርድ ነው፡፡ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል፤ የከዋኞችንም መብት ያውቃል፡፡ ባንድን ባንድ አድርጎ የሚያኖረው ግን ሰዎቹ በየሳምንቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው የሚለማመዱበት ኪራይ ነው፡፡ ያንን የሚከፍል አዋጅ የለም፡፡

ወደ ደነባው ልጅ ልመለስ፡፡ ያን ሠርግ የማልረሳው በአጎቴ አስተያየት ብቻ አይደለም፡፡ ልጁ በዚያኑ ዕለት ማታ፣ ጠላው ሲበዛ፣ ለአባቱ ትምህርት ሲጨርስ ባንድ እንደሚያቋቁም ነገረው፡፡ ወንድሜ መልስ አልሰጠውም፤ ወደ እኔ ነው የዞረው፡፡ ከመርካቶ ያገለገለ ጊታር ገዝቼ የላክሁለት እኔ ነኝና፡፡ «አንተ አዲስ አበባ ተቀምጠህ ትጽፋለህ፤ እኔ መረሬ እያረስኩ ነው የማስተምረው» አለኝ፡፡ ምንም ልመልስለት አልቻልኩም፡፡ ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ያህል ስልክ ስደውል ለሚስቱ ይሰጣት ነበር፡፡

ነገሩን ያበረዱት አጎቴ ናቸው፡፡ ልጁን ጠርተው «ጊታሩን አልከለክልህም፤ ግን ማሲንቆ ሳትይዝ እንዳትነካው» አሉት፤ ከዚያም ከአንድ የአካባቢው አዝማሪ ጋር አገናኙት፡፡ ልጁ መጀመሪያ ቅር አለው፤ በኋላ ግን ማሲንቆዋ አንድ ጭራ ብቻ ይዛ ዜማ ስታወጣ ሲያይ ጊታሩ ላይ ስድስቱንም ክር መምታቱን መቀነሱን ራሱ ነገረኝ፡፡

ዛሬ ደብረ ብርሃን ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ማታ ማታ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ይለማመዳል፡፡ ከበሮ መቺ የላቸውም፡፡ በቅርቡ በስልክ የቀዳውን ላከልኝ፤ አንቺ ሆዬ ነው፣ በዲስቶርሽን፡፡ ዘፈኑ ሶል ፍላት ላይ ሲያርፍ ግጭቱን ጠብቄ ነበር፤ አልመጣም፡፡ ደውዬ ስጠይቀው «እዚያ ጋ ኮርዱን ጣልኩት ጋሼ፤ አንድ ክር ብቻ ነው የያዝኩት፤ እንደ ማሲንቆ» አለኝ፡፡ ከበስተጀርባው የወንድሜ ድምፅ ይሰማኛል፤ ለካ ከደነባ ሊጠይቀው መጥቶ ኖሯል፡፡ «ድምፁን ቀንሰው፣ ጎረቤት አለ!» ይላል፡፡